መንጠሴ፦ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ተዳፋቶች ከቀፎ መቅደም ያለበት አበባ

በደቡብ ጎንደር ዞን ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኙት ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ጀርባቸውን ከ4 ሺህ 100 ሜትር በላይ ከፍታ ላለው ለጉና ተራራ ሰጥተው ፊታቸውን ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆዎች ያዞሩ ምድር ናቸው። ከጉና ሥር የሚነሡት ርብና ጉማራ ወደ ጣና ወርደው የፎገራን ሜዳ ያለመልማሉ። ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ የሚወርደው ውኃ ግን አፈሩን ጠርጎ ይዞ ወደ ገደል ይገባል፤ ለባለ መሬቱ የሚተርፈው ድንጋይና ስስ አፈር ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል በእንዲህ ዓይነቱ ደንጋያማ ተዳፋት ላይ ነጭ አበባውን የሚዘረጋ፣ ጠውልጎ እንኳ የማይሞት አንድ ቁጥቋጦ አለ። በብዙ አማርኛ ተናጋሪ አካባቢዎች መንጠሴ ይባላል። ትግርኛ ተናጋሪዎች ተበብ ይሉታል።

ስለዚህ ቁጥቋጦ መናገር ቅንጦት ሊመስል ይችላል። በእነዚህ ወረዳዎች ዝናብ ዘግይቶ መግባትና ቀድሞ መውጣት የታወቀ ችግር ነው። በ1997 ዓ.ም የምግብ ዋስትና ሴፍቲኔት መርሐ ግብር ሲጀመር ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ከተካተቱት ወረዳዎች መካከል የኾኑት በዚሁ ምክንያት ነው። በመርሐ ግብሩና በየዓመቱ በሚካሄደው የተፋሰስ ልማት ሕዝቡ ተራራውን በእርከን አስሯል፣ የተራቆቱ ኮረብቶችን ከልሎ ከግጦሽ አስጠብቋል። እርሻ ያልደረሳቸው ወጣቶችም በተከለለው ተራራ ላይ ተደራጅተው ንብ እንዲያነቡ ሲመከሩ ቆይተዋል። ምክሩ ጥሩ ነው። ንብ የሚታረስ መሬት አትጠይቅም፣ በሬም አያስፈልጋትም፣ የጎረቤትን ማሳ ብትረግጥም ትጠቅመዋለች እንጂ አትጎዳውም።

ኾኖም ብዙ ጊዜ ሥራው የሚጀመረው ከጫፉ ነው። መጀመሪያ ቀፎ ይታደላል፤ ቀጥሎ የንብ መንጋ ይገዛል፤ ንቧ ምን እንደምትበላ የሚታሰበው በመጨረሻ ነው። ዘመናዊ ባለ ፍሬም ቀፎ ከባህላዊው ይልቅ ለቁጥጥርም ለምርትም የተሻለ መኾኑ አያከራክርም። ነገር ግን ማር የሚሠራው ሣጥኑ አይደለም። በዙሪያው አበባ የሌለበት ቀፎ፣ ዘመናዊም ይሁን ባህላዊ፣ ባዶ ቤት ነው፤ ንቦቹም ርሀቡ ሲጠናባቸው ቤታቸውን ጥለው ይኮበልላሉ። በሰሜን ኢትዮጵያ ደረቅ አካባቢዎች መንጋ ከሚጠፋባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው የቀሰም እጥረት ነው። አናቢው በችግሩ ወራት ስኳር በጥብጦ፣ በሶ ወይም ሽሮ ጨምሮ ሊደግፋቸው ይችላል። ይህ ነፍስ ማቆያ ነው፤ ማር ማምረቻ ግን አይደለም።

መንጠሴን ለይቶ ለማወቅ ስሙ ብቻውን አይበቃም፤ የዕፅዋት ስም ከቀበሌ ቀበሌ ይለያያልና። ቁመቱ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል። ግንዱ ከሥሩ ጀምሮ ይበዛል፣ ሲያረጅም ይጠነክራል፤ ለጋ ቅርንጫፉ በጣት ሲዳሰስ ክብ ሳይኾን ባለ አራት ማዕዘን ነው። ቅጠሎቹ ትናንሽ ናቸው፤ ሁለት ሁለት ኾነው ፊት ለፊት ይበቅላሉ፣ ጠጉር ስላላቸውም መልካቸው ወደ ግራጫ ያደላል። በእጅ ሲታሹ ደስ የሚል ሽታ ይሰጣሉ። ሽታው የሚያስገርም አይደለም፤ መንጠሴ የበሶብላ፣ የዳማከሴ፣ የጦስኝና የጥንጁት ዘመድ ነው። የዕፅዋት ተመራማሪዎች ለረጅም ጊዜ ቤሲየም ግራንዲፍሎረም ሲሉት ቆይተዋል፤ አሁን አሁን ደግሞ በሶብላ ወደሚገኝበት ወገን መልሰው ኦሲመም ግራንዲፍሎረም የሚሉት አሉ። “ግራንዲፍሎረም” ማለት ባለ ትልቅ አበባ ማለት ነው። አበባው ከዘመዶቹ አበባ ጋር ሲነጻጸር በእርግጥ ትልቅ ነው፤ ቀለሙ ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ኾኖ በውስጡ ወይን ጠጅ መስመሮች ይታዩበታል። ከአበባው ወደ ውጭ የወጡ ረጃጅም ክሮችም አሉት።

ተክሉ የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋማ ምድር ተወላጅ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ1 ሺህ 500 እስከ 3 ሺህ ሜትር ባለው ከፍታ፣ በተለይም ሌላ ተክል በማይደፍረው ደንጋያማ ተዳፋት ላይ ይበቅላል። ራይንሃርድ ፊክትልና አድማሱ አዲ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1994 ባሳተሙት የኢትዮጵያ የንብ ቀሰም ዕፅዋት መጽሐፍ ውስጥም ስፍራ አግኝቷል። የጋይንትና የስማዳ ወይና ደጋና የቆላው መግቢያ፣ እንዲሁም የእስቴ ገደላማ ዳርቻዎች የሚገኙት በዚሁ የከፍታ ክልል ውስጥ ነው።

ድርቅን የሚችልበት ምስጢር ከመሬት በታች ነው። መስከረም ሲመጣ ሜዳውን የሚያለብሰው አደይ አበባ ውበቱ አይካድም፤ ለንብም ትልቅ ሲሳይ ነው። ነገር ግን አደይ አብዛኛው ዝርያው የአንድ ዓመት ተክል ነው። በየዓመቱ ከዘር መጀመር አለበት፤ ዝናቡ ሰኔን አሳልፎ ከገባ ዘግይቶ ይበቅላል፤ ከተቋረጠም አጥሮ ይቀራል። መንጠሴ ግን ባለ ብዙ ዓመት ነው። ቅጠሉ በበጋው ቢረግፍ፣ ቅርንጫፉ የደረቀ ቢመስልም ሥሩ በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ሕያው ኾኖ ይከርማል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካው ከዘር የሚጀምር ተክል ገና ሲበቅል እርሱ ቅጠል ያወጣል። ትናንሽና ጠጉራም ቅጠሎቹም ፀሐይና ነፋስ ከተክሉ የሚወስዱትን እርጥበት ይቀንሱለታል። ዝናብ ባጠረበት ዓመት አበባው ሊቀንስ ይችላል፤ ጨርሶ አለማበብ ግን ብርቅ ነው። ለአናቢ ይህ ልዩነት ብዙ ነው፤ ንብ የምታልቀው ምንም ባልተገኘበት ዓመት ነውና።

ከድርቅ መቻሉ በላይ የሚያስደንቀው ግን የአበባው ጊዜ ነው። መንጠሴ በብዛት የሚያብበው በነሐሴና በመስከረም ነው። ይህ ጊዜ ለምን ወሳኝ እንደኾነ ለመረዳት የንብን ዕድሜ መቁጠር ያስፈልጋል። ሠራተኛ ንብ እንቁላል ከተጣለችበት ቀን ጀምሮ ክንፍ አውጥታ እስክትፈለፈል 21 ቀን ይፈጅባታል። ከተፈለፈለች በኋላም ወዲያው ወደ አበባ አትወጣም፤ ሦስት ሳምንት ያህል በቀፎ ውስጥ እጭ ስትመግብ፣ ሰም ስትሠራ፣ ቤት ስትጠርግና በር ስትጠብቅ ትቆያለች። ስለዚህ ከእንቁላል እስከ ቀሰም ወጪነት 42 ቀን ገደማ ነው። መስከረም 25 ቀን ኑግ ላይ የምታርፍ ንብ እንቁላሏ የተጣለው ነሐሴ 18 አካባቢ ነበር ማለት ነው። ንግሥቲቱ ደግሞ እንቁላል የምትጥለው ከውጭ ምግብ ሲገባ ነው። በነሐሴ ዶፍና ጭጋግ ንቦች ለመውጣት የሚያገኙት ሰዓት ጥቂት ነው፤ በዚያችው ጥቂት የፀሐይ ሰዓት ቅርብ ቦታ ላይ ያበበ ነገር ካላገኙ ንግሥቲቱ መጣሏን ትቀንሳለች። ያኔ መስከረም ላይ ሜዳው ሁሉ ቢጫ ሲኾን ቀፎው ውስጥ ያለው ሠራተኛ ትንሽ ይኾናል። አበባው ሞልቶ ለቃሚ ይጠፋል። በርካታ አናቢዎች “ዘንድሮ አበባው ጥሩ ነበር፣ ማሩ ግን የት ሄደ?” ብለው የሚጠይቁት ጥያቄ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው በነሐሴ ውስጥ ነው።

መንጠሴ ይህን ክፍተት ይሞላል። ሠራዊቱን በነሐሴ ያሳድጋል፣ አደይና ኑግ ሲመጡ የደረሰ ኃይል ያስረክባል። በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ማርም ከዚህ ቅብብል የሚገኝ ነው።

ንብ ያላነበበ ገበሬስ ምን ይጠቀማል? ለጤፍ፣ ለስንዴና ለገብስ ንብ አታስፈልግም፤ ጤፍና ገብስ በራሳቸው አበባ ያፈራሉ። ኑግ ግን የተለየ ነው። የኑግ አበባ በራሱ ዱቄት ፍሬ መያዝ አይችልም፤ ከሌላ የኑግ ተክል የመጣ የአበባ ዱቄት ያስፈልገዋል። ያንን የሚያመላልሱት በዋነኛነት ንቦችና ሌሎች ነፍሳት ናቸው። ንብ የጎደለበት የኑግ ማሳ አበባው ቢያምርም ራሱ ውስጥ ፍሬ አልባ ገለባ ይበዛል። ባቄላም ንብ በጎበኘችው ቁጥር የተሻለ ይይዛል። ጎመንዘር፣ ዱባ፣ ሽንኩርት ለዘር የሚያስቀሩና የጓሮ ፍራፍሬ ያላቸው ሰዎችም የንብ ባለ ዕዳዎች ናቸው። ስለዚህ በእርከን ላይ የቆመ የመንጠሴ ረድፍ ጥቅሙ ለባለ ቀፎው ብቻ አይደለም፤ አጠገቡ ኑግ ለዘራው ገበሬም ጭምር ነው።

የአበባው አሠራር ራሱ ለንብ የተሠራ ይመስላል። ጣፋጩ ቀሰም የሚገኘው በአበባው ቱቦ መጨረሻ ነው። ንቧ ለመድረስ የታችኛው ከንፈር ላይ ታርፋለች፤ ወይን ጠጅ መስመሮቹም መግቢያውን ይጠቁሟታል። ዱቄት የያዙት ረጃጅም ክሮች የተዘረጉት ከሥሯ በመኾኑ ሆዷን ይነካሉ፤ ዱቄቱ በሆዷ ጠጉር ላይ ይጣበቃል። ወደሚቀጥለው አበባ ስትሄድ ያንን ትተዋለች። የማር ንብ ብቻ ሳትኾን ጣዝማና ሌሎች የዱር ንቦች፣ ቢራቢሮዎችም ይጎበኙታል። እነዚህ ባለቤት የሌላቸው ነፍሳት በማንም የምርት ሪፖርት ውስጥ አይገቡም፤ ማሳውን ግን ያገለግላሉ።

ከመንጠሴ የሚገኘው ማር ነጭ ነው። በዋግ፣ በላስታና በትግራይ የታወቀው ነጭ ማር ከእንዲህ ዓይነት ዕፅዋት የሚመጣ ሲኾን፣ በትግራይ የውቅሮ አካባቢ ነጭ ማር ስሎው ፉድ የተባለው ዓለም አቀፍ ማኅበር ልዩ ጥበቃ ከሚያደርግላቸው ባህላዊ ምግቦች አንዱ ለመኾን በቅቷል። ማሩ ሲቆረጥ ፈሳሽና ጠራ ያለ ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ረግቶ እንደ ቅቤ ይኾናል። እዚህ ላይ ለከተማ ሸማቾች አንድ ነገር ማብራራት ይገባል። ማር ሲረጋ ወይም ሲነጣ “ስኳር ገብቶበታል” ብሎ መጠርጠር በደብረ ታቦርም በባሕር ዳርም የተለመደ ነው። ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አልመጣም፤ ማርን ከስኳር መቀላቀል በእርግጥ አለ። ነገር ግን መርጋት የማጭበርበር ምልክት አይደለም። ማር ውስጥ ከሚገኙት ሁለት ዋና ስኳሮች ግሉኮስ የተባለው ሲበዛ ማሩ ቶሎ ይረጋል፤ ይህ የሚወሰነው ንቧ በቀሰመችው አበባ ነው። ቀለሙም እንዲሁ። በክብሪት ማቀጣጠል፣ በአሸዋ ላይ ማንጠባጠብና ሌሎች የገበያ “ፈተናዎች” እውነተኛውን ከሐሰተኛው በአስተማማኝ ኹኔታ አይለዩም። የሚያዋጣው የአናቢውን ሠፈርና የተቆረጠበትን ወር ጠይቆ መግዛት ነው። የረጋ ማር ለመጠቀም ደግሞ ዕቃውን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል፤ እሳት ላይ ማፍላት መዓዛውን ያጠፋል።

ይህን ያህል ጥቅም ያለው ተክል ለምን እየሳሳ ይሄዳል? ማንም ስለማይቆጥረው ነው። ተዳፋቱ ሲታረስ መጀመሪያ የሚመነጠረው ቁጥቋጦ ነው። ማገዶ ሲጠፋ ሴቶችና ሕፃናት የሚለቅሙት ከእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ሥርና ቅርንጫፍ ነው፤ ግንዱ ሲቆረጥ ያቆጠቁጣል፣ ሥሩ ሲነቀል ግን ያበቃለታል። በተከለለው ተራራ ላይም ቢኾን ሪፖርት የሚሞላው በተተከለ ችግኝ ብዛት ነው፤ ችግኙን ለመትከል ጉድጓድ ሲቆፈር የነበረው መንጠሴ፣ ጥንጁት ወይም ቀጋ “ጫካ” ተብሎ የሚመነጠርበት ጊዜ አለ። ለባሕር ዛፍ ቦታ ለመስጠት መንጠሴ መነቀሉ በተለይ የሚያሳዝን ነው። ባሕር ዛፍ ለንብ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ በአበባው ብዙ ማር ይገኝበታል፣ ለቤት መሥሪያና ለገበያም አስፈላጊነቱ በጋይንትና በእስቴ ላለ ሰው አይነገርም። ነገር ግን ባሕር ዛፍ በነሐሴ የሚፈለገውን ሥራ በመንጠሴ ፈንታ አይሠራም፤ ሥሩም ለሌላው ውኃ አይተርፍም።

ተክሉን ለማብዛት ቀላሉ መንገድ አለመንካት ነው። አሮጌ ግንድ ያለበት ተዳፋት ከግጦሽና ከማገዶ ለቀማ ለሁለትና ለሦስት ክረምት ከተጠበቀ ግንዱ ራሱ ያቆጠቁጣል፤ ዘሩም በዙሪያው ይበቅላል። ምንም ወጪ የለውም። ጨርሶ በጠፋበት ቦታ ደግሞ በዘር ይተካል።

ዘሩ የሚሰበሰበው አበባው ረግፎ አቃፊው ሲደርቅና ወደ ቡናማ ሲለወጥ፣ ብዙ ጊዜ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። በእያንዳንዱ አቃፊ ውስጥ እስከ አራት የሚደርሱ ትናንሽ ፍሬዎች አሉ። ጠዋት ጤዛው ከደረቀ በኋላ ዛላውን ቆርጦ በጨርቅ ላይ ማርገፍና በወንፊት ማበጠር በቂ ነው። ከአንድ ተክል ብቻ ሳይኾን ከብዙ ተክሎች መሰብሰብ፣ ከግማሽ በላይ የኾነውን ዘርም ለተራራው መተው ይገባል። ዘሩ በጥላ ደርቆ በወረቀት ወይም በጨርቅ ከረጢት ነፋሻማ ቦታ ይቀመጣል፤ በላስቲክ ከታሸገ ይሻግታል።

በችግኝ ጣቢያ የሚዘራው በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ነው። ከመዝራት በፊት 50 ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ መካከል አስቀምጦ ስንቱ እንደ በቀለ ማየት ብዙ ድካም ያድናል። ከ50ው 10 ብቻ ከበቀለ ወይ ወፍራም አድርጎ መዝራት ወይ ሌላ ዘር መፈለግ ነው። ዘሩ ትንሽ በመኾኑ በብዛት የሚበላሸው ጠልቆ ሲቀበር ነው። አሸዋ የተቀላቀለበት መደብ አስተካክሎ፣ ዘሩን ከአመድ ወይም ከደቃቅ አሸዋ ጋር ቀላቅሎ በትኖ፣ ላዩን በወንፊት በተነፋ ስስ አፈር መሸፈን፣ ከዚያም ስስ የሣር ጉዝጓዝ ማልበስ ይመረጣል። ውኃው በቀጭኑ መረጨት አለበት፤ በባልዲ የተደፋ ውኃ ዘሩን አንድ ጥግ ይሰበስበዋል። ቡቃያው ሲወጣ ጉዝጓዙ ይነሣል። አራትና ስድስት ቅጠል ሲያወጣ ወደ ችግኝ ማፍያ ላስቲክ ይዛወራል፤ ከመተከሉ ሁለትና ሦስት ሳምንት በፊት ጥላውንም ውኃውንም ቀስ በቀስ መቀነስ ችግኙን ለተራራው ያዘጋጀዋል። በጥላ የተንቀባረረ ችግኝ ጋይንት ተዳፋት ላይ አይከርምም።

ተከላው ዝናቡ ከተረጋጋ በኋላ፣ በሐምሌ አጋማሽ ገደማ ነው። በእርከኑ ጫፍ፣ በማሳ ድንበር፣ በቦረቦር ዳርና በመንገድ አፋፍ ላይ አንድ ሜትር ያህል እያራራቁ መትከል ይቻላል። የሚታረስ መሬት አይወስድም፤ ሥሩም የእርከኑን አፈር ይይዛል። ማዳበሪያ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው የመጀመሪያውን በጋ እስኪሻገር ከከብት እግር መጠበቅ ነው፤ በዙሪያው ድንጋይ መደርደር እርጥበቱንም ያቆይለታል። ሙሉ አበባ ከሁለተኛው ክረምት በፊት መጠበቅ አይገባም። ካረጀ በኋላ፣ ዘሩ ከተለቀመለት፣ ከቅርንጫፉ ሲሶውን መግረዝ አዲስ ቀንበጥ ያበዛለታል፤ የተገረዘውም ለማገዶ ይኾናል።

የማይኾንበት ቦታም አለ። ውኃ የሚተኛበት የዋልካ አፈር አይስማማውም። የጉና ራስና ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ያለው ውርጫማ ምድር ክልሉ አይደለም፤ እዚያ ጦስኝና የኮሶ ዛፍ የተሻሉ የንብ ዕፅዋት ናቸው። ነፋሻማዋ ነፋስ መውጫ በዚህ ረገድ ወሰን ላይ ናት፤ ከአርብ ገበያ፣ ከወገዳና ከመካነ ኢየሱስ ዙሪያ ያሉ ዝቅ ያሉ ተዳፋቶች ይመረጣሉ። የከተማ ነዋሪ ቀፎ ባይኖረውም በአጥሩ ሥር፣ በትምህርት ቤትና በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ዙሪያ ጥቂት ግንድ መንጠሴ መትከል ይችላል። ከአበባ ቤት ተገዝቶ በየቀኑ ውኃ ከሚጠጣ የውጭ አበባ ይልቅ ይህ ለቧንቧ ውኃ እጥረት ለለመዱ ከተሞች ይስማማል።

አንድ ተክል ግን ዓመቱን በሙሉ አይመግብም። መንጠሴ የሁለት ወር እንግዳ ነው። ከመስከረም እስከ ጥቅምት አደይና ኑግ ይከተሉታል፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ግራዋ ያብባል፤ በደረቁ ወራት ሬት፣ ግራርና ባሕር ዛፍ ይደርሳሉ፤ የበልጉ ጠብታ ሲመጣ ብሳና ይነሣል። አናቢ ቡድን ከሁሉ በፊት ሊሠራ የሚገባው በተከለለው ተራራ ዙሪያ በየወሩ ምን እንደሚያብብ መዝግቦ ባዶ ወሩን መለየት ነው። ንብ አብዛኛውን ጊዜ የምትቀስመው ከቀፎዋ እስከ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ባለው ክልል ነውና ቆጠራው ከዚያ አይርቅም። የቀፎው ብዛትም የሚወሰነው በዚህ ቆጠራ ነው። በአንድ ሸለቆ ላይ ቀፎ ሲደራረብ ማሩ አይበዛም፤ ያለው ይከፋፈላል እንጂ።

የቀረው አደጋ ከማሳ የሚመጣው ነው። ቱፎርዲ የሚባለው ፀረ አረም ጤፍና ስንዴን ትቶ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን ዕፅዋት ይገድላል። በማሳው ውስጥ ያለው አረም መጥፋቱ የገበሬው ፍላጎት ነው፤ መርጫውን ሳይዘጉ ወደ ድንበሩና ወደ እርከኑ ሲሻገሩ ግን አደይም መንጠሴም አብረው ይጠወልጋሉ። ፀረ ተባይ ደግሞ ንቧን ራሷን ይገድላል። ነፋስ ባለበት ሰዓት አለመርጨት፣ ያበበ ሰብል ላይ ፀረ ተባይ አለመርጨት፣ ግድ ከኾነም ንቦች ከገቡ በኋላ ወደ ምሽት መርጨት፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ለጎረቤት አናቢ መንገር ብዙ ቀፎ ያድናል። አገሪቱ የንብ ሀብት ልማትና ጥበቃን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 660ን በ2002 ዓ.ም አውጥታለች። ይሁንና በአንድ ጎጥ ውስጥ ርጭት በስንት ሰዓት እንደሚካሄድ የሚወስነው የጎጡ ሰዎች ስምምነት ነው። ስምምነቱ በተከለለው ተራራ መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ ሣር ማን እንደሚያጭድ ከሚደነግገው አንቀጽ አጠገብ ሊጻፍ ይችላል፤ መንጠሴን ከሥሩ መንቀል የተከለከለ መኾኑም እንዲሁ።

በዚህ ዓመት ለመጀመር የሚፈልግ ቡድን የሚያስፈልገው ገንዘብ ሳይኾን ጥቂት የጨርቅ ቁራጭ ነው። ተክሉ ከሩቅ የሚለየው አበባው ሳይረግፍ፣ እስከ መስከረም መጨረሻ ባለው ጊዜ ነው። ጠንካራና ብዙ አበባ ያለውን ግንድ መርጦ ቅርንጫፉ ላይ ጨርቅ ማሰር፣ ቦታውንም ለእረኞች መናገር ያስፈልጋል። ኅዳር ላይ ሁሉም ቁጥቋጦ ደርቆ አንድ ዓይነት ሲመስል ዘር የሚለቀመው ከዚያ ምልክት ነው።